ራስጌ ያለው ገመድ

«ለስካሊን መንደር ሕዝብ በሙሉ! በዶሊና ማክአስኪል ቤት ለለቅሶ ደራሽ ተዘጋጅቶ የነበረው የእንቁላል ሳንድዊች በድንገት ማለቁን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። የመጨረሻው ቁራሽ በሽማግሌው ፊንሌይ ጉሮሮ በሰላም አርፏል። የአሳማ ሥጋው ግን አለ።»

አዋጁን ያወጀችው ጎረቤቷ መርዲና ናት፤ የሻይ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ። ሰው ሁሉ ሊስቅ ቃጣው። ሬሳው ያለው ከግድግዳው ማዶ ነውና ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው።

ሳቅ ያልቃጣውም ሻይ ያልጠጣም የሟቿ የዶሊና ወንድም ቶርኪል ብቻ ነበር። ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ኮት ኪሱ ውስጥ ያለችውን ካርድ በአውራ ጣቱ ይደባብሳል። ጠዋት ፊንሌይ ነው የሰጠው። ካርዷ ላይ የሬሳ ሣጥን ተሥሏል፣ ዙሪያውን ስምንት ነጥብ፤ ከራስጌው ነጥብ አጠገብ የሱ ስም ተጽፏል። በዚህ አገር ሣጥን ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው፤ የራስጌውን የሚይዘው የሟች የቅርብ ሰው ነው።

ገመዱ አልከበደውም። የከበደው መቃብሩ ነው። ዶሊና ከአባቷ ጎን ቅበሩኝ ብላለች፤ አባቷ ያረፈው ደግሞ ከወደቡ ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ነው፤ በጀልባ ካልሆነ አይደረስባትም። ቶርኪል ዕድሜውን የመርከብ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ ነው የኖረው፤ ከልጅነቱ ወዲህ ግን እግሩ ከወደቡ ድንጋይ አልፎ አያውቅም።

«ነገ ይሳፈራል ትያለሽ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«እሱ? በግ ሲዋኝ አይተህ ታውቃለህ?»

በግ መባሉን መንደሩ ብቻ ቢያውቀው ምን ነበረበት! አገር ምድሩ ያውቀዋል፤ ያሳወቀችውም ዶሊና ናት። የልጆች መጻሕፍት ደራሲም ሠዓሊም ነበረች። የመጽሐፎቿ ጀግና ሩሪ የሚባል ሙክት ነው፤ ሻንጣውን ሸክፎ ወደብ ይመጣል፣ ጀልባዋን ያያል፣ አንድ ሰበብ ይፈጥርና ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንደርተኛውም አልቀረም። መርዲና አዋጅ ነጋሪዋ ዶሮ ናት። ፊንሌይ ደግሞ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚሄደው ዝይ ነው፤ በዚህ ተቀይሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላምታ ነፍጓት ከረመና ኋላ መጽሐፉን ገዝቶ ለዘመዶቹ ሁሉ ላከ። በበጋ ከመርከብ የሚወርዱ ሕፃናት ቶርኪልን ከበው «በጉ አንተ ነህ?» ይሉታል። እናቶቻቸው ፎቶ ያነሱታል።

የበጉን መጀመሪያ የሚያውቁት ሁለቱ ወንድምና እህት ብቻ ነበሩ። ልጅ ሳለ አንድ ማለዳ አባቱ «ና፣ ዛሬ መረብ ትይዝልኛለህ» ብሎት፣ እሱም ትንሿን ሻንጣውን ሸክፎ ወረደ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ሲያይ ግን አለቀሰ። አባቱ ስቆበት ብቻውን ሄደ። ባሕሩ የመለሰው ሬሳውን ነው። በዚያ ለቅሶ ሰሞን ልጁ እህል አልቀምስ ሲል፣ ዶሊና የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሻንጣ የያዘ በግ ሣለችለት። ከሥሩም «ሩሪ ዛሬ አልሄደም። ሾርባው ግን ቤት ይጠብቀዋል» ብላ ጻፈች። ያን ቀን በላ።

ወረቀቱ የሱ ብቻ ሳለ መድኃኒት ነበር። መጽሐፍ ሆኖ አገር ሲያነበው መረረው። አኮረፈ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መነጋገር ቀረና ውሻው ብራን አስታራቂ ያልሆነ መልእክተኛ ሆነ። «ብራን፣ ለዚያ ሰውዬ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው በለው» ትላለች። «ብራን፣ አልራበኝም በላት» ይላል፤ እያለም ማንኪያውን ያነሣል። ቤቱ በዚህ ለዓመታት ውሎ አደረ።

አሁንም ሳያስበው «ብራን» አለ። ውሻው ከሣጥኑ ሥር ቀና አለ። «ንገራት...» አለና ቃሉን አቋረጠ። ውሻው ጠብቆ ጠብቆ መልሶ ተኛ።

«አቶ ቶርኪል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኤዲንብራ የመጣችው የመጽሐፎቹ አዘጋጅ ኢሞጀን ናት። ያመጣቻትን መርከብ ገመድ የተቀበለው ቶርኪል ራሱ ነው፤ እህቱ ሞተች ተብሎ መርከብ ባሕር ላይ አያድርም።

«የአዲሱ መጽሐፍ የመጨረሻ ሥዕል ከጠረጴዛዋ ላይ የለም» አለችው። «ሩሪ የሚሳፈርበት።»

«ሲሳፈር አይተሽዋል?»

«አላየሁም። ግን በዚህኛው ያልቃል ብላናለች። ሲጠብቁት የነበሩት ልጆች አድገው ወልደዋል እኮ! ካልተገኘ በሌላ ሠዓሊ እናሠራዋለን። እንደምንም ይሳፈራል።»

በየሰው እጅ ያለው ሻይ መቀዝቀዝ ጀመረ። ፊንሌይ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ተጠጋ።

«ስማ ቶርኪል፣ ሰው ሥዕሉን አንተ አቃጥለኸዋል ይላል። ሣጥኑ ውስጥ ከከተትከውም ክዳኑ ሳይመታ ተናገር።»

ቶርኪል ብድግ አለ። «ይኸው፣ ክፈቱት። የእህቴን እጅ እያነሣችሁ ፈትሹ። ማን ነው የሚጀምረው?»

የሚጀምር ጠፋ።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ፊንሌይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የገመዱንም ነገር አስብበት። ካልሆነልህ ካርዱን ለኔ ስጠኝ። ራስጌዋ እኔ እቆማለሁ። ነውር የለውም።»

«ዝይ ራስጌዋ ቆሞ!» አለች መርዲና ከወጥ ቤት። «ኧረ በሣቅ ተነሥታ ትቀመጣለች!»

ቶርኪል ተመልሶ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሸሚዙ ሥር ያለው ወረቀት ደረቱን ቧጠጠው። የሞተች ቀን ጠዋት ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ያነሣው። ቃል የለበትም። ጀልባዋ ትሄዳለች፣ በውስጧ አንዲት አሮጊት በግ ብቻዋን ተቀምጣ እጇን ታውለበልባለች። ሩሪ ወደቡ ላይ ቆሟል፤ የፈታው ገመድ በእጁ፣ ሻንጣው በእግሩ ሥር። አልተሳፈረም።

«ግድ የለህም፣ አትሳፈር» ብላዋለች በሥዕሉ። እንዲህ የሚያንገበግብ ምሕረት እንዳለ አያውቅም ነበር። ማን ለምኗት? ይህን አይቶ ነገ ወደቡ ላይ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም፤ እንዲያውም ሥዕሉን ለኢሞጀን አሳይቶ «ይኸው፣ እሷ ራሷ ብላለች» ማለት ይችላል። በእሷ ምሕረት ተሸሽጎ መቅረት ግን አልዋጥ አለው። ደበቀው።

በማግስቱ ወንዶቹ ሣጥኑን እየተቀባበሉ ወደቡ ድረስ ተሸከሙት። ሴቶቹ እንደ ወጉ ድንጋዩ ላይ ቀሩ፤ ኢሞጀንም ለከተማ በተሠራ ጫማዋ ከመርዲና ጎን ቆመች። ነፋሱ ውሃውን ያንጓልላል። ሣጥኑ ጀልባው ላይ ገባ፣ ቀባሪዎቹም ገቡ። ቶርኪል እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ። ፈትቶ በእጁ እንደያዘ ቆመ። ልክ እንደ ሥዕሉ።

ፊንሌይ ከጀልባው ሆኖ እጁን ዘረጋ። «ካርዱን» አለ፤ ይህን ያለው ለዝይ በሚከብድ ርኅራኄ ነበር።

ቶርኪል እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ወረቀቱን አወጣና ለኢሞጀን ሰጣት። «እንዳይረጥብ» አላት። ከዚያ ገመዱን ጀልባው ውስጥ ወረወረና ተከትሎት ገባ።

የሣጥኑን ጠርዝ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ተሻገረ። ቁርሱ ግማሽ መንገድ ላይ ተለየው። የሳቀበት የለም።

ጉድጓዱ ላይ ግን የራስጌውን ገመድ አጥብቆ ያዘ። ገመድ ያውቃል። ሣጥኑ መሬት ሲነካ፣ እንደ ወጉ ሰባቱ ገመዳቸውን ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። የሱ እጅ አልተከፈተም።

«ልቀቀው፣ ወንድሜ» አለ ፊንሌይ ቀስ ብሎ።

መርከብ እንደሚሸኝ ሰው፣ እየላላ እየላላ ለቀቀው።

ሲመለሱ ጀልባውን የሚነዳው ኤዋን ወደቡ ሲቀርብ ድንገት ጮኸ። «ወይ ጉድ! ገመዱን ማን ሊቀበለን ነው? ተቀባያችን እዚህ ነው!»

ቶርኪል ተነሣ፤ ከጀልባ ወደ ወደብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመድ ወረወረ። መርዲና ቀለበችውና ምሰሶው ላይ እንደ ሽርጥ ማሰሪያ አሰረችው።

ኢሞጀን ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሩሪ እዚህ ላይ እኮ ቀርቷል» አለችው ገና እግሩ ድንጋዩን ከመንካቱ። «እሷ አስቀርታዎታለች። ይህን እያወቁ ለምን ደበቁት? ደግሞስ ለምን ሄዱ?»

ቶርኪል አጎንብሶ የመርዲናን ቋጠሮ ፈታና እንደገና፣ አጥብቆ አሰረው።

«አልናገርም» አለ።

«ለልጆቹ ምን ልበላቸው? አንድ ቃል እንኳ...»

«አልናገርም አልኩሽ።»