የተበላሸው ቴሌቪዥን

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በሽተኛ ፍለጋ ሰፈር ስትወጣ አንድም በር አትዘልም። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ብቻ ብታንኳኳ፣ ሳይመሽ ያ ቤት ሰላም የሚለው ጎረቤት ያጣል። ስለዚህ ጤነኛውም ቤት ገብታ እኩል ትቀመጣለች፤ ወሬ ሲያልቅባት ስለሚያፈሰው ጣሪያም ቢሆን ታወራለች።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችባት ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ሴት ናት። ሲስተር የት ገባች፣ የት ቆየች የሚለውን ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

ሰሞኑን ሲስተር እንቅልፍ አጥታለች። ሁለት ሕፃናት ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቷል፤ ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከሚስል አዋቂ ነው። የሁለቱም ቤተሰቦች ተመርምረው ነፃ ናቸው። የሚስለው ሰው ካልተገኘ ሦስተኛ ልጅ መታመሙ አይቀርም።

የአንደኛዋ ልጅ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ልጆቹ የት አብረው ይውሉ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ሬዲዮ ቤት ቴሌቪዥን ያዩ ነበር አለች። አሁን ግን ተበላሽቷል ብላ ዘግታባቸዋለች።

ሲስተር ወዲያው ወደዚያ ሄደች። ሬዲዮ እንደ ልማዷ በሩን ሞልታ ቆማለች፤ ተበላሸ የተባለው ቴሌቪዥን ከኋላዋ ይጮሃል። ሲስተር አፈረች። የሬዲዮን ምላስ ፈርታ እዚህ ቤት ብቻ ሁልጊዜ ከደጅ ነበር የምትመለሰው።

አብሯት የሚኖረው ወጣት ልጇ የት እንዳለ ጠየቀቻት። ሥራ አግኝቶ ሩቅ አገር ሄዷል አለች።

«እትዬ፣ እስቲ ቴሌቪዥኑን ይቀንሱት።»

ሬዲዮ ንቅንቅ አላለችም። ግን ዘፈኑ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከጓዳ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል ተሰማ።

«ያለኝ አንድ እሱ ነው» አለች ሬዲዮ። «የዚህን ሰፈር አፍ ታውቂዋለሽ።»

ሲስተር ጠጋ አለቻት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እትዬ። ዛሬውኑ ከተመረመረ ይድናል። ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ገብታ መስኮቱን ከፈተች፣ ወጣቱን አነጋገረች፣ አክታውን በዕቃ ተቀበለች። ልትወጣ ስትል ሬዲዮ እጅጌዋን ያዘች። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ወደዚህ ያያል።

«ብዙ ቆየሽ እኮ» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

ሲስተር መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች፤ እዚያም ያንኑ ያህል ተቀመጠች።