ከሸቤ ቁልቁለት በላይ

ፋሂም አባቱን ጀማለዲንን ወደ ጅማ ሆስፒታል ለማድረስ በመኪናው ከሸቤ ሲነሳ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። ሽማግሌው ሌሊቱን ደረታቸውን ሲያማቸው አድሯል። እናቱ ዙቤይዳ ከኋላ ተቀምጠው የባላቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አስደግፈዋል።

ክረምቱ መንገዱን በልቶታል። ፋሂም ከፊቱ የመጣውን አይሱዙ ለማሳለፍ ወደ ጥግ ሲል የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ወርዶ፣ ተንበርክኮ ከሥር አየ። ከኋላ ጎማው አጠገብ የሆነ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። በጣቱ ነካው። ከጭቃ ጋር የተለወሰ፣ የሚያሟልጭ ዘይት ነው። «የፍሬን ዘይት ሳይሆን አይቀርም» አለ።

ከፊታቸው ረጅም ቁልቁለት አለ።

«ፍሬኑ አይይዝም እንዴ?» አሉ ዙቤይዳ።

«ለጊዜው ይይዛል። ቱቦው ተቀዶ ከሆነ ግን መሃል ላይ ይከዳናል።»

«ንዳ ልጄ» አሉ አባቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ቀስ እያልክ ንዳ።»

አምና እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ ሚኒባስ ሲገለበጥ ሬሳ ካወጡት ሰዎች አንዱ ፋሂም ነበር።

«አልነዳም» አለ።

አምቡላንስ ጠራ፤ ሌላ በሽተኛ ልታመጣ ሄዳለች አሉት። ሁለት ሚኒባሶች ጢም ብለው ሞልተው አለፉ። የቡና ጆንያ የጫነ መኪና ቆሞ እስኪያሳፍራቸው አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ የሽማግሌውን አንገት ዳሰሰች።

«መንገድ ላይ ነው ያረፉት» አለች። «ግማሽ ሰዓት ቢሆናቸው ነው።»

በአራተኛው ቀን መኪናው ጅማ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው የጎሳዬ ጋራዥ ተጎትቶ መጣ። ጎሳዬ በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ገባ።

«ቱቦው ደህና ነው» አለ ሲወጣ። «መሪውም ደህና ነው። የሞተር መከላከያው ላሜራ ብቻ ነው የተጨራመተው።»

«የፈሰሰውስ?» አለ ፋሂም።

ጎሳዬ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈተ። ዙቤይዳ ጅማ ላለች እህታቸው ብለው የጫኑት የምግብ ዘይት ጀሪካን ተሰንጥቆ ተጋድሟል። ዘይቱ ዝገት በበሳው ወለል ወርዶ አልቋል።

«የፍሬን ዘይቱ መጉደል አለመጉደሉን ኮፈኑን ከፍተህ አላየህም?»

«አላየሁም።»

«የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር» አለ ጎሳዬ። የፋሂምን ፊት ሲያይ ግን በተናገረው ተጸጸተ።

ፋሂም ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ሲገባ እናቱ ለጎረቤቶቹ እያወሩ ነበር።

«ልጄ ባይጠነቀቅ ኖሮ ሦስታችንም አልቀን ነበር። የእሳቸውስ ቀናቸው ደርሶ ነው።» ወደ እሱ ዞሩ። «መካኒኩ ምን አለህ?»

ፋሂም ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና አላለም።

«ቱቦው ተቀዶ ነበር» አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እናቱ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴቶችም ተቀበሏቸው።