በሚካኤል ያልተነሣ መዶሻ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አቶ አባይነህ ከዞን ይመጣሉ የተባለው በጥቅምት አሥራ አንድ ነበር። ሃያው የግንበኝነት ሠልጣኝ ከሞላሌ ከተማ በላይ ካለው የድንጋይ ማውጫ ተሰብስቦ ሲጠብቃቸው ዋለ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ኖሮ መኪናቸው የደረሰው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ማግሥቱ ደግሞ ሚካኤል ነው።

ጌታነሽ መኪናውን ስታይ ከቤተ ክርስቲያን አብረዋት ከመጡት ሴቶች መሐል ወደ ፊት ወጣች። ልጇ ጽናት ከሃያዎቹ አንዷ ናት። አሥረኛ ክፍል ወድቃ ሁለት ዓመት ቤት ከዋለች በኋላ ያገኘችው ይህን ብቻ ነው። ይህ ከቀረባት እንደ ጎረቤታቸው ልጅ ዓረብ አገር ልሂድ ማለቷ አይቀርም፤ የዚያች ልጅ ድምፅ ከጠፋ ዓመት አልፏል።

ነገሩ የመጣው ከግንበኛ እጦት ነው። ወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ላሠራ ቢል የአገሩ ጎበዝ ሁሉ አዲስ አበባ ገብቶ ቀርቷል፤ ከሩቅ የሚመጣው ደግሞ ውርጩን አይችለውም፣ ግድግዳውን ከወገቡ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ መንግሥት በጀት መደበ። ኮሌጁ አስተማሪ ሊልክ፣ ወረዳው መሣሪያ ሊያቀርብ፣ እዚያው የቀሩት ሽማግሌ ግንበኞች ማኅበር ደግሞ እጁ የለመደውን ሊያሳይ ሦስቱ ተፈራረሙ። ሦስት ወር ሠለጠኑ። አሁን ከዞን የመጣው ሰው ፈትኖ ይችላሉ ብሎ ከጻፈ ቀሪው በጀት ይለቀቃል። አይችሉም ካለ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።

«በሉ ጀምሩ» አሉ አቶ አባይነህ። «ለእያንዳንዳችሁ አንድ የማዕዘን ድንጋይ። ቶሎ መመለስ አለብኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሠልጣኞቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት። የቃል ጥያቄ ብቻ መስሏቸው ነበር። በሚካኤል ብረት ከድንጋይ የሚያጋጭ ማን አለ? ገብሱ አሽቷል፤ በዓል የሻረ ሰው አገሩን በበረዶ ያስመታል።

«ኧረ ጌታው፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» አሉ የግንበኞቹ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሼ ተገኘ።

«ለእኔ ማክሰኞ ነው» አሉና አቶ አባይነህ እስክሪብቶ አወጡ።

ጋሼ ተገኘ ጌታነሽን ገለል አደረጓት። «ስሚኝማ፣ ጽናት አንዷን ድንጋይ ትጥረብ። ልጅ ናት፣ ንስሐ ትገባለች። አንድ ካዩ ለሁሉም ይጽፋሉ፤ እሷ ከመታች ሁላችንም ተረፍን።»

«ኃጢአቱ ለእሷ፣ በጀቱ ለእናንተ?»

«ለአገር ብዬ ነው እንጂ!»

«ለአገር ከሆነ እርስዎ ይምቱ። ክንድዎ እንደሁ ገና ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሼ ተገኘ ጢማቸውን እያሻሹ ዞር አሉ። ጽናት ግን ዓይኗን ከመዶሻው አልነቀለችም።

«እማዬ፣ ልምታው?»

«አርፈሽ ቁሚ!» አለቻት። ልክ ይሁን ስሕተት እሷም አላወቀችም።

አቶ አባይነህ ወረቀቱን በመኪናው አፍንጫ ላይ አስደግፈው ይጽፋሉ። ጌታነሽ ተጠጋች። በገበሬዎች ማሠልጠኛው ፊደል መቁጠር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፊደሎቹ አሁንም አንድ በአንድ ካልጠሯቸው አይመጡም። ጠራቻቸው። «ሠልጣኞቹ... ሥራውን... አይችሉም።»

ቀና አለች። «ይሄ ውሸት ነው።»

«ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«ቀስ እያልኩ። ሥራውን ይችላሉ። ዛሬ በዓል ሆኖባቸው ነው። ነገ በማለዳ ይዩዋቸው።»

«ነገ ሌላ ወረዳ እጠበቃለሁ እናቴ። ያላየሁትን አልጽፍም።»

«አለመቻላቸውንስ መቼ አዩ?»

አቶ አባይነህ መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። ጌታነሽ ምን እንደምታደርግ ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው። ከመኪናው ፊት አልፋ መንገዱ መሐል ቁጭ አለች።

«ኧረ ይነሡ እናቴ!» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«በሚካኤል መቀመጥ አልተከለከለም።»

«በመንግሥት መኪና ፊት!» ጮኹ ጋሼ ተገኘ። «ያስሩሻል!»

«ይሰሩኝ። ነገ ልጆቹ ከተፈተኑ በኋላ ይሰሩኝ።»

ጎረቤቷ እስከዳር መጣችና ከጎኗ ዘፍ አለች። «እኔም ወገቤን ሲያመኝ ነው የሰነበተው» አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። የሴቶቹ የሚካኤል ማኅበር ተራ በዚያን ቀን የእስከዳር ነበርና ዳቦውና ጠላው እዚያው መንገድ ላይ መጣ። ሹፌሩ ጥቂት ታግሦ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ዳቦ ተቀበለ። አቶ አባይነህ ስልካቸውን ወደ ሰማይ እየዘረጉ ኔትወርክ ሲፈልጉ ቆዩ። ጥላው ሲረዝም ሹፌሩ አፉን ጠራርጎ «ጌታዬ፣ በዚህ ጭቃ ቁልቁለቱን ሲመሽ አልነዳውም» አለ። ሁለቱም ጋሼ ተገኘ ቤት አደሩ።

ጠዋት ድንጋዮቹ ውርጭ ለብሰዋል። ሃያ መዶሻ ባንዴ ተነሣ። የጽናት የመጀመሪያ ምት ስቶ ጠርዙን ቦደሰው፤ ጌታነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ልጅቷ ድንጋዩን ገለበጠች፣ ሽማግሎቹ እንዳስተማሯት ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ በመዶሻው ኳኳ አድርጋ ድምፁን ሰማች፣ ከዚያ በሌላው ፊት ጀመረች። ስትጨርስ አቶ አባይነህ የማዕዘን መለኪያውን አስጠጉ። በብረቱና በድንጋዩ መሐል ብርሃን አላለፈም። ደግመው አስጠጉ።

«ሦስቱ ገና ይቀራቸዋል» አሉ ሁሉንም ዞረው ሲያበቁ። «አሥራ ሰባቱ ይችላሉ።»

ጻፉ፣ መኪናው ውስጥ ገቡ። ጌታነሽ ግን አሁንም መንገዱ ላይ ናት፤ ወረቀቱን ልታነብ እጇን ዘረጋች። በመስኮት ወረቀቱን ሰጧትና ሰዓታቸውን አዩ።

ከላይ ከተጻፈው ቀን ማንበብ ጀመረች።

«እናቴ፣ ዋናው እኮ ከታች ነው» አሏት።

«እደርስበታለሁ» አለች።