በግምት የተሳለ ምልክት

"ዞር በል! ከአፍንጫዋ ሥር ዞር በል ብያለሁ!"

አባትየው ከክሬኑ መቀመጫ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። ገመድ ያዡ ወደ ኋላ ዘለለ። ትንሿ የሸራ ጀልባ በሁለት ሰፋፊ የማንሻ ቀበቶዎች ተንጠልጥላ፣ ከውሃው ገና ክንድ ያህል ከፍ እንዳለች የፊተኛው ቀበቶ ወደ አፍንጫዋ ሸርተት ብሎ አመለጠ። በግንባሯ ውሃው ላይ ወደቀች፤ የፊት መደገፊያ ብረቷም ከውሃው ዳር ግንብ ጋር ተጋጭቶ ተቆለመመ። አባትየው የቀረውን ቀስ አድርጎ አወረደው።

ሴት ልጁ የጀልባ መጠገኛው ግቢ ቀለም ቀቢ ናት። ከመጋዘኑ በር ላይ መፋቂያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሌላው ሰው ጀልባዋን ሲያይ፣ እሷ ዓይኗን የተከለችው በጀልባዋ ጎን ላይ ባሉት ሁለት ቀይ መስመሮች ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ከሆዷ ሥር ከባድ የብረት ክንፍ አላት፤ ውሃ ላይ ሳለች ግን አይታይም። አንዱ ቀበቶ ከክንፉ ፊት፣ ሌላው ከኋላው መግባት ስላለበት ቦታው በጎኗ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ልጅቱ ባለፈው ወር ስትቀባት የድሮውን ምልክት ሳትለካ ሙልጭ አድርጋ ፋቀችው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው "ውይ፣ በሞትኩት!" ያለችው። ጎንበስ ብላ ከሥር ብታይ ክንፉ ፊት ለፊቷ ነበር። ማን ጎንበስ ይበል! ቀጠሮ ነበራት። አጠገቧ የቆመችውን ረዘም ያለች ጀልባ አየት አደረገችና በዚያ ልክ አሰመረች፤ የፊተኛው መስመር ወደ አፍንጫዋ አጉል ቀረበ። ጀልባዋ በጋሪ ተንሸራታ ውሃ ገባች፤ ነገሩም ተረሳ። መሪዋ ላልቶ በቀበቶ ስትነሳ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?" ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

"ምልክቱ ላይ ነበር ያስገባሁት።" አባትየው ከክሬኑ ወርዶ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ምልክቱ ላይ መስሎኝ ነው እንግዲህ።"

"እኔ እኮ ብያለሁ። እርስዎ ለዚህ ግቢ አባት ነዎት፤ ግን ዓይን ሲደክም ይደክማል። የመጋዘኑን ቁልፍ ይያዙልን ያልኩዎት ለክፉ አይደለም።"

ሌላ ቀን ቢሆን አባትየው "የራስህን ዓይን አስመርምር" ብሎ ግቢውን በሳቅ ያንከተክተው ነበር። ዛሬ የክሬኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ አኖረው።

ልጅቱ አፏን ከፈተች። "መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ግን መልሳ ገጠመችው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እንጃ፤ የእሷስ እዚያው ነቀዘ።

አባትና ልጅ ምሳቸውን እንደወትሮው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የተገለበጠች ታንኳ ላይ ሊበሉ ተቀመጡ። አባትየው ዳቦውን ይዞ ውሃውን ያያል።

"ብላ እንጂ አባዬ።"

"ስሚ፣ ሰሞኑን ጋዜጣው ሲደበዝዝብኝ ነበር። ለእናትሽ መብራቱ ነው እላታለሁ። ለካ እኔው ነኝ።"

"ጋዜጣና ጀልባ አንድ ነው እንዴ?"

"ተይ፣ አታባብይኝ። ያን ገመድ ያዥ ልገድለው ነበር እኮ፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው። የሰው ነፍስ ካጠፉ በኋላ ከማዘን ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ይሻላል።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ማታ ለእናትሽ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አፌ እሺ አይለኝም።"

አጠገቧ ሌላ ሰው የለም፤ የሚሰማትም አባቷ ብቻ ነው።

"እሺ" አለች።

እሺ! ከቃል ሁሉ መርጣ ይህችን። ነገ ማንም ሳያይ ምልክቱን አስተካክላለሁ፣ አባዬም ትንሽ ቢያርፍ አይጎዳውም እያለች ራሷን ስትሸነግል የክሬኑ ሞተር ተነሳ።

ሁለቱም ብድግ ብለው ወጡ። ክሬኑ ላይ ገመድ ያዡ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ የተቆለመመውን ብረት ከግንቡ ሊያርቅ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ቆሟል። ቀበቶዎቹ ቀያዮቹ መስመሮች ላይ ናቸው።

"ምልክቱ ላይ ገባ?" ብሎ ጠየቀ አባትየው።

"ልክ መስመሩ ላይ ነው ጋሼ! አይስጉ፣ በዓይኔ አይቻለሁ!"

አባትየው አንገቱን ደፋ። ቀበቶው ተወጠረ።

"አታንሳ!" ልጅቱ እየሮጠች ነበር። "በናትህ አታንሳ! ከሥር ውጣ! ምልክቱ ውሸት ነው!"

ሞተሩ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጁን አንስቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"የሳልኩት እኔ ነኝ" አለች እያለከለከች። "ሳልለካ፣ በግምት። አባዬ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም። መስመሩ ላይ ነበር ያስገባኸው። መስመሩ ነው ያለቦታው ያለው።"

"እና ጠዋት ምን ዘጋሽ?" አለ ሥራ አስኪያጁ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፈራሁ።"

አባትየው ቀረባት። ቢጮህባት በወደደች።

"ምሳ ላይስ?" አላት። "ምሳ ላይ እኮ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

አባትየው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ። "ቁልፉን። ሁለቱን ቀበቶ እርስ በርስ ሳላስር ማንሳቴ የኔ ጥፋት ነው፤ ለሱ ቅጣኝ። ዓይኔን ግን ተወው።"

ከዚያ ግንቡ ላይ ተንበርክኮ በረጅም እንጨት የጀልባዋን ሆድ እየዳበሰ ክንፉን ፈለገ። ቀበቶዎቹን ከፊቱና ከኋላው አስገባ፤ ወደ ጀልባዋ ጫፎች እንዳይሸሹም በገመድ አያያዛቸው። ሰዉን ሁሉ አርቆ ክሬኑ ላይ ወጣ፤ ክንድ ያህል አነሳና ቆመ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ ለራሱ፤ ጀልባዋ ንቅንቅ እንዳላለች ሲያይ ቀስ አድርጎ መቆሚያዋ ላይ አሳረፋት። ወደ ልጁ አንዴም አልዞረም።

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ነገ ቢሮ እንደሚያዩት ነገራትና ሄደ። እሷ መፋቂያዋን አንስታ ቀይ መስመሮቹን ከሁለቱም ጎን ፋቀች። በዚህ ጊዜ ጎንበስ አለች። ክንፉን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ በጠመኔ ጭረት አደረገች። ልክ ነው፤ ልክ መሆኑን አውቃለች። ቀለሙን ግን አልከፈተችውም። ቆርቆሮውን እንዳንጠለጠለች ክሬኑ ሥር ሄዳ ቆመች።

"አባዬ" አለች ቀና ብላ፣ "ዓይንህን አውሰኝ። እይልኝና እቀባዋለሁ።"

አባትየው ወረደና ከጀልባዋ ሥር ጎንበስ አለ።