ዛሬ አይገባም

ባልየው በሞተበት ጠዋት ሚስቲቱ አስቀድማ ያደረገችው ነገር ማልቀስ አልነበረም። ባሏ ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት ደውላ፣ «ጉንፋን ይዞታል፤ ዛሬ አይገባም» አለች። እሪ ያለችው ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው።

ጥፋቱ ይኸው ነው። ዘመዶች ለመሥሪያ ቤቱ እሷ መርዶውን የነገረች መሰላቸው፤ እሷ ደግሞ መደወሏን እንጂ ምን እንዳለች አላስታወሰችም። ስለዚህ ቀብሩ አልፎ፣ ሳሎኑ በኪራይ ወንበር ተጨናንቆ፣ ለቀስተኛው ሻይ እየጠጣ ሳለ የማተሚያ ቤቱ አለቃ አንድ ከረጢት ብርቱካን አንጠልጥሎ ከች አለ።

«እንዴት ነው፣ ተሻለው?»

አለቃው በር ላይ እንደቆመ በየወንበሩ የተቀመጡትን ጥቁር ለባሾች ቃኘ።

«ይሄን ያህል ጠናበት እንዴ?»

«ሞተ» አለች ሚስቲቱ።

«በጉንፋን?»

የሟች አክስት ከጥግ ብድግ አሉ። «የምን ጉንፋን አመጡብን፤ ጉበቱ ነው እንጂ! ይግቡ ጌታዬ፣ እኔ አክስቱ ነኝ።»

አለቃው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። «የትኛዋ አክስት?»

«ያለሁት እኔው ብቻ ነኝ።»

«እሱማ…» አለ አለቃው፣ ግንባሩን ላብ እያቸፈቸፈው። «ለእርስዎ እኮ ሁለት ጊዜ የሐዘን ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ።»

ሚስቲቱ ብርቱካኑን ነጥቃ ወደ ማእድ ቤት ሸሸች። እንዲህ ባለው ቀን ከቤት መውጣት ነውር እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ከሰዓት በኋላ ለማንም ያልነገረችው ቀጠሮ አለባት። እንዴት ሹልክ እንደምትል እያሰላሰለች ሳለ አክስትየው ተከትለዋት ገቡ።

«ሁለት ጊዜ?»

«የመጀመሪያውን ረስቼው ነው፣ አክስቴ።»

«በምን ሞትኩ?»

«መጀመሪያ በደም ግፊት። ሁለተኛው… መኪና ነው።»

«መኪና!» ደም ግፊቱን ሰምተው ያለፉት ሴትዮ በዚህኛው ከፋቸው። «መንገድ ስሻገር እንዴት እንደምጠነቀቅ እያየሽ?»

ሚስቲቱ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሐኪሙ ምሳውን እየበላ «በሽተኛ ላይ ናቸው» ማለት የዕለት ሥራዋ ነው፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው አይጠራጠርም። ባልየው ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ የማተሚያ ቀለሙን በጠረኑ ይለያል፤ ማሽኑ ሲያስቸግር በዘፈን ያባብለዋል። ሲጠጣ ግን አንድ ጊዜ የሁለት ሠርግ መጥሪያ አምታትቶ የአንዱን ሙሽሪት ለሌላው ሙሽራ ዳረ። መጥሪያው ከተበተነ በኋላ በአራቱም ቤተሰብ ደጅ እየዞረች «መብራት ሄዶ ነው» ያለችው ሚስቲቱ ናት። እሱ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ አንደኛው ሙሽራ ቅያሬውን ሳይወደው እንዳልቀረ ነግሮ አሳቃት፤ ቁጣዋ በዚያው ጠፋ።

ባለፈው ወር በስንት ልመና የሱስ አማካሪ ዘንድ ለመሄድ እሺ አለ። ቀኑ ሲደርስ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሚስቲቱ አማካሪዋ እንዳትቀየም ብላ ራሷ ሄደች።

«ጉንፋን ይዞት ነው» አለቻት።

«ይቀመጡ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነው፤ ትናንት ትንሽ ቀምሷል።»

«እርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔ? እኔማ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ደህና ነኝ።»

አማካሪዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠጋ አለቻት። «ነገ መጠጡን ቢተው፣ እርስዎ ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

ባልየው አንድ ክረምት ትቶ ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ ብርጭቆ ስታሸት፣ ኪሱን ስትበረብር፣ በማይረባ ነገር ስትነዘንዘው ከረመች። በመጨረሻ ባልየው፣ «ልጠጣልሽ እንዴ?» አላትና ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ጠጣ። እሷም፣ ይሄን ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ እፎይ አለች።

«እሱ መጠጡን መተው አቅቶታል» አለች አማካሪዋ። «እርስዎ ደግሞ እሱን መሸፈኑን። ሁለታችሁም እርዳታ ያስፈልጋችኋል።»

ሚስቲቱ ተቆጥታ ወጣች። ቁጣዋ ሲበርድ ደውላ ለራሷ የዛሬውን ቀጠሮ ያዘች። «በማን ስም?» ሲሏት ግን የባሏን ስም ሰጠች፤ የራሷ በአፏ አልመጣላትም።

«እትዬ!»

የሟች ታናሽ ወንድም የማእድ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሟል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከቀብሩ ወዲህ ሶፋው ላይ ከርሟል፤ በሻይ ብርጭቆ የያዘውም ሻይ አይደለም።

«ልጆቹን ከሰዓት መመለስ ነበረብኝ። በዚህ ሁኔታዬ አልነዳም። ለትምህርት ቤቱ ደውዪልኝ፤ አንቺ ስትናገሪ ያምናሉ።»

«ደውዪለት እንጂ» አሉ አክስትየው፣ ሞታቸውን ለጊዜው ትተው። «የወንድም ሐዘን እኮ ነው። ደሞ ለምን እዚሁ አይከርምም? የሚሰበስበው ይፈልጋል። አንቺም ብቻሽን ከምትሆኚ።»

ሚስቲቱ ደስ አላት። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ በጣም ደስ አላት። ከቀብሩ ጀምሮ የሚይዘው ያጣው እጇ ሥራ አገኘ። ሾርባ ጣደች፤ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ደወለች፤ የክሊኒኩ ድምፅዋም ሳትጠራው መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። የሹፌራችሁ ባለቤት ነኝ።»

ሦስቱም ክው አሉ።

«ምን አልሽ?» አሉ አክስትየው በሹክሹክታ።

ሚስቲቱ ስልኩን እንደ ፍም አየችው። ከዚያ ለታናሽ ወንድሙ ዘረጋችለት።

«ራስህ ንገራቸው።»

«ምን ልበል?»

«የሆነውን።»

ሰውዬው ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ሃሎ… እኔ ነኝ። አይ፣ ባለቤት እንኳ የለኝም…» ዓይኑን ሚስቲቱ ላይ ተክሎ እንድታድነው ጠበቀ። እሷ ምድጃውን አጠፋች። «ወንድሜ ሞቶ… ጠጥቻለሁ። ሌላ ሹፌር ላኩ።»

ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ነገ ጠዋት ቢሮ ና አሉኝ» አለ፣ ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት።

«እንግዲያው ትሄዳለህ» አለች ሚስቲቱ። ቦርሳዋን አንሥታ፣ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠው አለቃ ፊት አልፋ ወደ ውጪው በር አመራች። አክስትየው ከኋላዋ ቱስ ቱስ አሉ።

«ለቀስተኛ ጥለሽ ወዴት ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግዴለም፣ ራሷን አሟት ጋደም ብላለች እላለሁ።»

«አይበሉ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የምክር አገልግሎት ሄደች ይበሉ።»

«ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት!»

«አዎ። ጮክ ብለው።»

በሩን ከፍታ ወጣች። ልትዘጋው ስትል የግራ እጇ በራሱ ጊዜ መቃኑ ላይ ሄዶ መዝጊያውን ደገፈው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ እንዲህ ነበር የምትዘጋው፤ መዳፏን አስደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ የተኛው ሰው እንዳይነቃ።

ትንሽ ቆመች። ከዚያ እጇን አነሣችና በሩን ጎትታ ዘጋችው። ጓ አለ።