ከቁጥሩ በኋላ የመጣች ቃል

ባየ ስለ ሚስቱ እጅ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ረስቼ ነው።» ለሐኪሙም፣ ለፖሊሱም፣ ሊጠይቅ ለመጣ ጎረቤትም ይህንኑ ይላል። ረድኤት ግን ቴፒ፣ የመፈልፈያው ኮምፒዩተር ፊት ቆማ ነገሩን ስታየው፣ ሰውዬው አልረሳም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው የእሸት ቡና መፈልፈያ ሞተሩን የሚያስነሳው ረድኤት የጻፈችው ፕሮግራም ነው። ኦፕሬተሩ ባየ ጠዋት ይገባና ሞተሩ በስንት ሰዓት እንዲነሳ በአንዲት መስመር ጽፎለት ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። እሸቱ ከየገበሬው ተለቅሞ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ መፈልፈያውን ከፍተው ያጥባሉ። ከሴቶቹ አንዷ የባየ ሚስት ዓለምሸት ናት።

ኮምፒዩተር እንግዲህ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው። ባየ ዘጠኝ ሲል ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው፤ ለማሽኑ ግን ዘጠኝ ማለት የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሴቶቹ እጃቸውን መፈልፈያው ውስጥ የሚከቱበት ሰዓት። ረድኤት አማን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ይህ አይጠፋትም። ስለዚህ «--ሀበሻ» የምትል ምልክት አበጀች፤ ምልክቷ ከቁጥሩ ፊት ከተጻፈች ሰዓቱ በኛ ይቆጠራል። ፕሮግራሙ መስመሩን ከፊት ጀምሮ ያነብና ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከቁጥሩ በኋላ ትርፍ ቃል ካገኘ ደግሞ ሞተሩን አላስነሳም ብሎ ይጮህ ነበር።

ይጮህ ነበር፣ ድሮ። አምና ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሁን ደወለላት። «እህቴ፣ ይሄ ነገርሽ በረባ ባልረባው ስህተት ስህተት እያለ ሥራ አስፈታኝ። ዝም አሰኚልኝ በቃ!» እሷም ዝም አሰኘችው። ትርፍ ቃል ሲያገኝ እንዳላየ እንዲያልፍ አደረገችው። አቤት! እምቢ ብትለው ምን ነበረበት።

አሁን የባየ የመጨረሻ መስመር ስክሪኑ ላይ እንዳለች ናት፦

ፈልፍል 9 --ሀበሻ

ቃሏን ጽፏታል። ቁጥሩን ጽፎ ሲያበቃ ትዝ ብላው ከኋላ ጨመራት፤ ማንም ሰው እንደሚያደርገው። ፕሮግራሙ ዘጠኝን አይቶ ሄደ፤ ቃሏን ዞር ብሎም አላያት። ሞተሩም ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የዓለምሸት እጅ ውስጡ እያለ ተነሳ።

ረድኤት መጀመሪያ የታዩዋት ነገ እጃቸውን የሚከቱት ሴቶች ናቸው። እዚያው ቁጭ ብላ አረመችው፤ ትርፍ ቃል ሲያገኝ እንደ ድሮው እንዲጮህና ሞተሩን እንዳያስነሳ። አሮጌውን በአዲሱ ተካች፣ የራሷ ላፕቶፕ ላይ ያለውንም ተካች፣ ቅጂ እንኳ አላስቀረችም። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ ስታስነሳ የባየ መስመር ጠፋች። ደህና ሥራ የሠራች መስሏት ነበር፣ የኔ ሞኝ።

ከዚያ በሚኒባስ አማን፣ ሆስፒታል ገባች። ዓለምሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ ክንዷ ከአንጓው ላይ ተቆርጦ በፋሻ ተጠቅልሏል። ባየ አጥሚት በማንኪያ ይዞ አፏ ጋ ያቀርባል፤ እሷ ከንፈሯን ትገጥማለች። አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ከእሱ እጅ አልቀመሰችም፤ የምታጎርሳት ጎረቤቷ ናት።

«ጋሽ ባየ፣ እርስዎ አልረሱም» አለች ረድኤት ቆማ። «ቃሏን ጽፈዋታል። ከቁጥሩ ኋላ ስለሆነች ፕሮግራሙ አላያትም። መጮህ ነበረበት፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የባየ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «ጽፌያታለሁ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ዓለምሸት ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «እስቲ አሳዪኝ።»

ረድኤት ላፕቶፗን አልጋው ጫፍ ላይ ከፍታ ያቺኑ መስመር ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ምን እንዳደረገች የገባት ከተጫነች በኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ባየ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ከቁጥሩ በኋላ ያለው ቃል አልገባኝም። ሞተሩ አይነሳም።»

«አይ፣ ይሄ ዛሬ ያረምኩት ነው! ድሮ እንዲህ አይልም ነበር!» ስልኳን አውጥታ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ለቃ አቶ ጌታሁን ጋ ደወለች። ዝም አሰኚልኝ ብለውኝ አልነበረም ወይ፣ ብላ ጠየቀችው።

«እኔ? መቼ?» አለ ጌታሁን። «ሰውዬው ራሱ ረሳሁ ብሎ ያመነውን ምን ታንቀሳቅሺዋለሽ?» ብሎ ዘጋው።

ባየ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ደግ ልጅ ነሽ» አላት። «ልታጽናኚኝ ብለሽ ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«እውነቴን ነው፣ ጋሽ ባየ! በእናቴ!»

ዓለምሸት ስክሪኑን አይታ ባሏን አየችው። «ብትጽፋትማ ኖሮ ሞተሩ አይነሳም ነበር» አለችው።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባየ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ።