ሠላሳ ስድስቱ ሴሎች

ልጄ ሶላሩን ሳሎን ወለል ላይ ስትሠራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። የምትሠራው ስልክ ጥገና ቤት ነው። ከተጣሉ ሶላሮች የለቀመቻቸውን፣ ፀሐይን ወደ መብራት የሚቀይሩትን ሴሎች ማታ ማታ አንድ በአንድ ትበይዳቸዋለች። ከብስኩት የባሱ ተሰባሪ ናቸው። ስድስቱ እጇ ላይ ተሰበሩ፤ በተሰበሩ ቁጥር እኔ "አላልኩም?" እል ነበር።

የቸኮልነው ለባለቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሲፈልጥ አቧራው ሳንባውን ጨረሰው። ትንፋሽ ሲያጥረው መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚሰጠው ትንሽ ማሽን አለው። ያለ መብራት ግን ማሽኑ ባዶ ዕቃ ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ደግሞ ከተቃጠለ ወር አልፎታል።

ሶላሩ ላይ የአሮጌ መስኮት መስታወት ስትገጥም "ቢሰበርስ?" አልኳት።

"አይሰበርም፣ እማዬ።"

"ቢሰረቅስ? እሳት ቢያስነሳስ?"

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ፤ ሲስቅ ያስለዋል። "አንቺ ሴትዮ፣ ፀሐይዋ ራሷ ብትወድቅስ? እሱን ረሳሽው።"

"ሳቅ፣ ሳቅ! የፈሩት ይደርሳል።"

ጣሪያው ላይ በሰቀለችው ዕለት ሠላሳ ስድስቱም ሴሎች ሠሩ። ማሽኑ ሲያጉረመርም ባለቤቴ ማስኩን ከአፉ አነሳና "ልጄ፣ ፀሐይ አስተነፈስሽኝ" አላት። እኔ ግን በመስኮት ሰማዩን ነበር የማየው።

ሶላሩ የሚሞላው ባትሪ ከሞተር ብስክሌት የወጣ አሮጌ ነው፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ። ቀን የሞላውን ማታ ይጨርሰዋል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በኮረብታው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አምና የጣለው በረዶ የጎረቤታችንን መስኮቶች አርግፏቸው ነበር። ልጄ ሥራ ላይ ናት። መሰላሉን አቁሜ ወጣሁና ሶላሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። የተሸፈነ ሶላር ምንም እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ለአንድ ሰዓት ነው ብዬ ነው።

ደመናው ከኮረብታው ወዲያ ሄደ። ፀሐይ ወጣች። "ተመልሶ ቢመጣስ?" አልኩ። ሌላ ደመና ብቅ አለ፤ እሱም አለፈ። እንዲህ እንዲህ ስል ልጄ የምትመጣበት ሰዓት ደረሰ። ብርድ ልብሱን አውርጄ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ሲመሽ የባለቤቴ ትንፋሽ አጠረ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ዘገመ፣ ቆመ። ልጄ ሽቦውን ነካካች፣ ባትሪውን አየች፤ "ባዶ ነው! እንዴት?" ብላ ጮኸች። "ታክሲ ጥሪ" አልኳት። ተሸክመን ታክሲ ውስጥ አስገባነው። መንገዱን ሙሉ እጄን ጨብጦ ነበር፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ለቀቀው።

ከቀበርነው ከሳምንት በኋላ ልጄ ሶላሩን አወረደችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሴል በቴስተር ትነካካለች። ሁሉም ይሠራል። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

"አንዱ ብየዳ ልቅ መሆን አለበት፣ እማዬ" አለች ቀና ሳትል። "ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም እንጂ አባዬን የገደለው የእኔ እጅ ነው።" መስታወቱን ልትፈለቅቅ ቢላዋ አነሳች።

"አስቀምጪው፣ ልጄ። የአንቺ ብየዳ ምንም አልሆነም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ያን ቀን ሸፍኜው ነበር። ከእኩለ ቀን እስክትመጪ።"

ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች። "ለምን?"

"በረዶ ይጥላል ብዬ።"

"ጣለ?"

"አልጣለም።"

እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን የቴስተሩን ሽቦዎች ቀስ ብላ ጠቀለለች፤ ወደ ክፍሏ ገብታም በሩን ዘጋች።